ፉርጎ አያያዡ ጋሽ ጃማ

የጋሽ ጃማን ሞት የሰማሁት በርበራ ውስጥ ነው፤ የአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ ሴራሚክ ሳነጥፍ። የደወለችልኝ ሁዳ ነበረች፣ የወንድሙ ልጅ። ከዚያ በፊት ደውላልኝ አታውቅም። ሰላምታውን ሳታስረዝም በሶማሊኛ፣ "አደር ጃማ ትናንት አረፈ። ማምሻውን ቀበርነው። ሳትሰማ እንዳትቀር ብዬ ነው" አለችኝ። አደር በእነሱ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ለሌላ ሽማግሌም ይባላል። ሀርጌሳ ያለው ሶማሌ ሁሉ አደር ጃማ ይለው ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያኑ ግን ጋሽ ጃማ ነበር የምንለው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወለሉ ላይ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። "የማውቀው ሽማግሌ ሞተ" አልኩት። ዘመድህ ነው ወይ ሲለኝ እጄን ታጥቤ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ያወቅሁት ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ስንሠራ ነው። የግቢው ጥበቃ ነበር። ያኔ ከደሴ ወጥቼ ሀርጌሳ ከገባሁ ገና ብዙም አልቆየሁም፤ ከሶማሊኛ የማውቀው ና እና ሂድን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት በሩ ላይ ግራ ገብቶኝ ስቆም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሽርጥ ያገለደመ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ መጣና በጠራ አማርኛ፣ "ከየት ነህ? ቁርስ በልተሃል?" አለኝ።

ደነገጥኩ። "እርስዎ ሀበሻ ነዎት እንዴ አባባ?"

ሳቀብኝ። "አቦ፣ እርስዎ ምናምን ተወኝ። ድሬ ውስጥ አንቱ የለም። ጃማ በለኝ።"

በባዶው ጃማ ብዬ መጥራቱን አፌ እምቢ አለ። እሱ ደግሞ አንቱታውን አልቀበል አለ። በመጨረሻ በጋሽ እና በአንተ ተስማማን።

ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ዕድሜውን ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የጨረሰ ሶማሌ ነበር። ሥራው ፉርጎ ማያያዝ ነው። ከጅቡቲ የሚወጣው ባቡርና ከአዲስ አበባ የሚወርደው እዚያ ይገናኛሉ፤ ሎኮሞቲቭ ይቀየራል፣ የመጣው ፉርጎ ይፈታል፣ የሚሄደው ይታሰራል። በሁለት ፉርጎዎች መካከል ገብቶ መንጠቆውን የሚያጋጥመው እሱ ነበር። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሏል። እንዴት እንደሆነ ስንጠይቀው፣ "ቸኩዬ ነዋ" ይለናል፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም።

ከሥራ ስንወጣ መግሪብ እስኪደርስ በሩ አጠገብ ያለው የብሎኬት ቁልል ላይ እንቀመጣለን። አብዛኞቻችን ባቡር ተሳፍረን አናውቅም። እሱ ሲያወራ ግን የጣቢያው ግቢ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ጥላ እንዳለ እናውቀው ነበር።

"ድሬ ማለት ጣቢያው ነው" ይለናል። "ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት አቃተው። ሜዳው ላይ ቆመ። የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ። ተራራው ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ እኔ የለሁም፤ አባቴ እናቴን የት ያገኛት ነበር?"

አባቱም የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እናቱ ደግሞ ለተሳፋሪ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። የጥገና ክፍሉ ፊሽካ ሲነፋ ከተማው በሙሉ ሰዓቱን እንደሚያስተካክል ይነግረን ነበር። ከጅቡቲ ልብስና ሽቶ የሚያመጡ ነጋዴ ሴቶች ባቡሩ ጣቢያ ሊገባ ሲል ጥቅላቸውን በመስኮት ይወረውራሉ። ከሀዲዱ ዳር የሚቀበሉ እህቶቻቸው አሉ። ፈታሾቹ ሲገቡ ሴቶቹ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከለቅሶ ቤት የሚመለሱ ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ይህን ሲያወራ እንደ እነሱ አንገቱን ይደፋል፤ እኛ በሳቅ እንሞታለን።

"አለቆቹ በፈረንሳይኛ ይቆጣሉ፣ ሾፌሮቹ በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ተሸካሚዎቹ በኦሮምኛ ይስቁባቸዋል። እኔ ከፉርጎው ሥር በሶማሊኛ እራገማለሁ። ባቡሩ ግን ይሄዳል።"

ሁልጊዜ ይሄዳል፣ ይገባል ነበር የሚለው። ሰማዩን አየት አድርጎ፣ "አሁን የጅቡቲው ገብቷል፤ ሰዉ እየወረደ ነው" ይለናል። የድሮው መስመር ከቆመ ስንት ጊዜው፤ አዲሱም ከከተማው ውጭ ነው የሚያልፈው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል። ማናችንም ግን አላረምነውም።

ከሥራው የቀሩበት ልማዶች ነበሩት። መሬት ላይ ጣውላ ተጋድሞ ካየ ሳያቆም አይሻገረውም፤ ግራና ቀኙን አይቶ ነው የሚረግጠው። ባጃጅ ወደ ግቢው ሊገባ ሲል መዳፉን ዘርግቶ ያስቆመዋል፤ ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ አያስገባውም። ከእኛ መካከል አንዱ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ወይም ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ደግሞ መንገዱ ዳር ወጥቶ ይቆማል። ሰላም ብሎት፣ መርቆት አይመለስም። ሚኒባሱ ከዓይን እስኪጠፋ ይቆማል። አንድ ቀን ፀሐዩ ሲያቃጥለው አይቼ ግባ ብለው፣ "የመጨረሻው ፉርጎ ሳያልፍ ጀርባ አይሰጥም" አለኝ።

ሀርጌሳ የመጣው ሚስቱ ስትሞትበት ነው። ልጅ አልነበራቸውም። የወንድሙ ልጅ ሁዳ ድሬዳዋ ድረስ ሄዳ ይዛው መጣች፣ አያሃ ሰፈር ካለው ቤቷ አንድ ክፍል ሰጠችው። ያለ ሥራ መቀመጡ ስላስጠላው ነበር በጥበቃ የተቀጠረው። ሶማሊኛው ግን ያረጀ ነበር፤ በመሃሉ አማርኛ ይገባበታል። የሁዳ ልጆች ይስቁበታል፤ ሻይ ቤት ያሉት ሽማግሌዎችም "ሀበሻው መጣ" ይሉታል። በክፋት አልነበረም።

"እዚያ ሶማሌ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ ሀበሻ ሆንኩ" አለኝ አንድ ቀን። "አላህ የት ሊያስቀምጠኝ እንዳሰበ እንጃ።" ፈገግ ብሎ ነበር የተናገረው፤ ግን ያን ቀን ስለ ጣቢያው አላወራም።

አብሮን የሚሠራ መላኩ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር፣ ከሁላችንም ዝምተኛው። አንድ ጠዋት መወጣጫው ከእግሩ ሥር ተንሸራተተና ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። እኛ ከላይ ወርደን ስንደርስ ጋሽ ጃማ ከበሩ ሮጦ ቀድሞን ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎት ነበር። በዝቅተኛ ድምፅ የሆነ ነገር ይለዋል። መላኩ ዓይኑን ገልጦ እሱን እያየ ነበር። ሆስፒታል ሳናደርሰው አረፈ።

ባለ ሕንፃው ደግ ሰው ነው። መጥቶ ከእኛ ጋር አለቀሰ። ከዚያ በጋሽ ጃማ አስተርጓሚነት፣ በእነሱ ዘንድ ሬሳ ማቆየት ነውር እንደሆነ፣ ዛሬውኑ እንዲቀበር ቦታ እንደሚፈልግልን ነገረን። እኛ ግን ያለ ቄስና ያለ ፍትሐት፣ እናትና አባቱ ሳያለቅሱለት፣ በሰው ሀገር እንዴት አድርገን እንቀብረዋለን? ማን እንደሚወስደው ስንጠያየቅ ደግሞ እኔ ልሂድ የሚል ጠፋ። አብዛኞቻችን ወረቀት የለንም። ድንበሩን ከተሻገርን መመለሻ የለንም፤ ቤተሰቦቻችን ደግሞ የሚጠብቁት ከእኛ ነው።

ጋሽ ጃማ የአንዱን ንግግር ለሌላው ሲያደርስ ቆየ። ከዚያ መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ "እኔ እወስደዋለሁ" አለ።

ባለ ሕንፃው ገረመው። "አደር ጃማ፣ አንተ ምኑ ነህ? በሃይማኖት አትገናኙ፣ በዘር አትገናኙ።"

"አብረን እንሠራ ነበር" አለው።

የመላኩን አባት በስልክ አገኘነው፤ ከጎጃም ጅግጅጋ ድረስ መጥቶ ሊቀበል ተነሣ። አናጢዎቻችን ለአርማታ ከመጣው ጣውላ ሣጥን ሠሩ። ባለ ሕንፃው ፒክአፑን ከነሾፌሩ ሰጠን። እኔ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ቶጎ ውጫሌ ልሸኝ ተነሣሁ። በማግስቱ ማለዳ ከሀርጌሳ ወጣን። ሾፌሩ ከፊት እንዲቀመጥ ቢለምነው ጋሽ ጃማ እምቢ ብሎ ከኋላ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። እኔም አብሬው ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሣጥኑ እንዳይንገጫገጭ በሁለት እጁ ይዞት ነበር።

የገቢሌን ከተማ እንዳለፍን፣ ሳልጠይቀው፣ "ተፈራ የሚባል ሾፌር ነበረን" አለኝ። ስለ ጣቢያው ያን ሁሉ ሲያወራልን ይህን ስም አንስቶ አያውቅም።

"ባቡሩን የሚነዳው እሱ፣ ፉርጎውን የማያይዘው እኔ። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ሂድ ካላልኩት ንቅንቅ አይልም። ጣቶቼ የሄዱ ቀን የሚነዳው ሌላ ሾፌር ነበር። የሶማሌ ጦርነት መጣ። ሶማሌ የሆነ ሠራተኛ ሀዲዱ አጠገብ እንዳይደርስ ተባለ። ቤቴ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ዓይኑን ቀየረብኝ። ልጆች በሬ ላይ ድንጋይ ይጥላሉ። ተፈራ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ፣ ያን ዘይት የነካውን ቱታውን እንደለበሰ ቤቴ ይመጣል። ወንበር ያወጣና ደጃፌ ላይ ይቀመጣል። ግባ እንጂ ስለው፣ እዚህ ይሻለኛል፣ ነፋስ አለ ይለኛል። ምንም ነፋስ አልነበረም። ሰው እንዲያየው ነው።"

ፒክአፑ ጉድጓድ ገባና ሣጥኑን አጥብቆ ያዘው።

"አንድ ቀን ቀረ። በማግስቱ ሀዲዱ ላይ ፈንጂ ተቀብሮ የተፈራ ባቡር እንደተገለበጠ ሰማሁ። ሬሳ የሚያመጡ ሰዎች ሊሄዱ ነው ሲባል ጣቢያ ሮጥኩ። ወታደሩ ሶማሌ አይሄድም አለ። ፈንጂውን የቀበሩት የአንተ ሰዎች ናቸው አለኝ። እዚያው ቆምኩ። የተፈራ ሚስት አስካለ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከኋላ ቆማ ነበር። መጣችና፣ ጃማ ካልሄደ ማንም አይሂድ፤ ባሌን የማያውቀው ሰው አያነሣብኝም አለች።"

"ሄድክ?"

"ሄድኩ። በእጄ አነሣሁት። ስንመለስ እዚያው ፉርጎ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወታደሩ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ጠመንጃውን ይዞ። ድሬ ልንደርስ ስንል ኮዳውን አውጥቶ ውሃ ሰጠኝ።"

ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ "መላኩን ሳይ ተፈራ ትዝ ብሎኝ እንዳይመስልህ" አለኝ። "ተፈራን ረስቼው አላውቅም።"

ድንበሩ ላይ ከሶማሌላንድ በኩል ያሉት ሰላምታ ሰጥተውት አሳለፉት። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ፖሊስ ግን ወረቀቶቹን ደጋግሞ አገላበጠ። እኔ ከኬላው ገመድ ወዲህ ቆሜ እሰማለሁ።

"አባቴ፣ እርስዎ ለሟቹ ምን ነዎት?"

"አባቱን እስካገኘው ድረስ አባቱ ነኝ" አለው ጋሽ ጃማ። "ጅግጅጋ ሊቀበለኝ እየመጣ ነው። ከጎጃም ድረስ ነው የሚመጣው። አታስቁመኝ ልጄ።"

ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ገመዱን ዝቅ አደረገለት። ሣጥኑን እዚያ በኩል ወደቆመ መኪና አዛወሩት። ጋሽ ጃማ ከኋላ ወጥቶ ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞሮ አላየም፤ ሁለቱም እጆቹ ሣጥኑ ላይ ነበሩ።

ከሳምንት በላይ ጠፋ። ሁዳ እየተጨነቀች ግቢያችን ድረስ መጥታ ጠይቃን ነበር። ሲመለስ ከስቷል፤ ሽርጡ አቧራ ለብሷል። ከብበን ስንጠይቀው ስለ መላኩ አባት ነገረን። ሽማግሌው ሣጥኑን አቅፎ ብዙ ካለቀሰ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ነፍሱ ሲወጣ ብቻውን ነበር ወይ? ጋሽ ጃማም፣ "ጭኔ ላይ ነበር፤ እያየኝ ነበር" አለው። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ያን ጣት የጎደለውን እጁን ሳመው።

ከጅግጅጋ ወዲያ የት እንደቆየ ግን ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ያውም ከብዙ ቀን በኋላ፣ እንዲሁ በሩ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ።

"ድሬ ወረድኩ" አለኝ።

ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

"ጣቢያው በር ላይ ወጣት ዘበኛ አለ። ምን ፈልገው ነው አባቴ አለኝ። እዚህ ነበር የምሠራው አልኩት። ሳይከራከር ከፈተልኝ። እንደ እኔ እያለ የሚመጣ ሳይበዛ አይቀርም። ገባሁ። በሀዲዱ መሃል ሣር በቅሏል፤ ፍየሎች አሉ። ፉርጎዎቹ እንደተያያዙ ቆመዋል። ቀለማቸው ቢለቅም አውቃቸዋለሁ። አንዱን መንጠቆ ልፍታው ብዬ ያዝኩት። አልነቃነቅ አለ። ዝጎ አንድ ብረት ሆኗል።" እጁን አየው። "እኔ ነኝ ያያያዝኳቸው። ከእንግዲህ የሚፈታቸው የለም።"

"አስካለስ?"

"ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው አገኘሁ። የት ሄደች ብል የሚያውቅ የለም።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጣቢያው ማውራቱን አልተወም። ግን ነበር ማለት ጀመረ። የጅቡቲው በዚህ ሰዓት ይገባ ነበር። ሴቶቹ ይወረውሩ ነበር። ፊሽካው ይነፋ ነበር። አዲስ የመጡት ሠራተኞች ልዩነቱን አያውቁትምና ይስቃሉ። ጋሽ ጃማ ሰማዩንም ቀና ብሎ ማየት ተወ።

ሕንፃው ሲያልቅ ተበተንን። እኔ በርበራ ሥራ አገኘሁ። እሱን ባለ ሕንፃው በጥበቃነቱ አቆየው፤ ከዚያ ጉልበቱ ሲደክም ቤት ዋለ። በየጊዜው እደውልለት ነበር። ስልኩ ላይ አማርኛ ሲሰማ ድምፁ ይቀየራል፤ ብዙ እንዳወራለት ይፈልጋል፤ ስለ ምንም ይሁን፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በላሁት። በመጨረሻ ግን ስልኩን የሚያነሡት የሁዳ ልጆች ሆኑ። ተኝቷል ይሉኛል።

የሞቱን ዜና በሰማሁ ማግስት ሀርጌሳ ደረስኩ። አያሃ ያለው ቤት ግቢ ውስጥ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ። የድሮ ሠራተኞቻችንም ተሰብስበው ጥግ ይዘዋል፤ ከመካከላቸው መስቀል በአንገቱ ያሰረ አለ፤ ማንም ምንም አላላቸውም። ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁዳ በእጇ ጠቀሰችኝ። ከቤቱ ኋላ ወዳለው ደረጃ ተከተልኳት። ዓይኗ አብጧል።

"በመጨረሻው ሳምንት ሶማሊኛው ጠፋበት" አለችኝ። "ትኩሳት ነበረው። የሚያወራው በአማርኛ ብቻ ሆነ። ልጆቹ የሰው ስም የሚጠራ መሰላቸው። የሚያስተረጉምልን ሰው ልፈልግ ስል ሞተ። ጥቂቶቹን ቃላት ይዣቸዋለሁ። ንገረኝ።"

"እሺ።"

"በረደኝ። ይህ ምንድን ነው?"

ልዋሻት አስቤ ነበር። እያየችኝ ስለሆነ አልቻልኩም። ነገርኳት።

ሁዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ይተኩሰው ነበር" አለች። "ማራገቢያ ነበር የከፈትኩለት። ሌሊትና ቀን። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሲስብ እገልጥለት ነበር።"

ከግቢው የቁርኣኑ ድምፅ ይሰማል። የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዓይኗን ጠርጋ ቀጠለች።

"ሌላም አለ። እጄን ይዞ የሚለው። አይዞሽ። በመጨረሻው ቀን ሌላው ሁሉ ቀርቶ እሱን ብቻ ነበር የሚለው፤ ሳለቅስ ሲያየኝ ደግሞ ደጋግሞ። አይዞሽ፣ አይዞሽ። ምን እየጠየቀኝ ነበር? ምን ሳልሰጠው ቀረሁ?"

በሶማሊኛ ፈለግሁላት። ልክ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ።

"ምንም እየጠየቀሽ አልነበረም" አልኳት። "ሰው ሲታመም ወይም ሲከፋው አጠገቡ ያለው ሰው የሚለው ቃል ነው። እኔ አለሁልሽ፣ በርቺ እንደማለት ነው።"

አሰበችበት።

"የታመመው ግን እሱ ነበር" አለች።

"አዎ" አልኳት።

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።